ኮሜዲያን ሲሞት ሬዲዮው ምን ይልቀቅ?

ድምፃዊ ሲያርፍ ሬዲዮው ሥራውን ያውቃል። ጠዋት የሕልፈቱ ዜና ይነበባል፣ ከዚያ እስከ ማታ ዘፈኖቹ ይለቀቃሉ። ታክሲ ውስጥም፣ ቡና ቤትም፣ በጎረቤት መስኮትም ያው ድምፅ ይሰማል፤ ሰውም አብሮ እያንጎራጎረ ያዝናል። ኮሜዲያን ሲያርፍ ግን ሁሉም ይቸገራል። ቀልዱ ቢለቀቅ በሐዘን ላይ መሳለቅ ይመስላል። ካልተለቀቀ ደግሞ የሰውየው ሥራ ሌላ ምን አለ? ስለዚህ አንድ ፎቶግራፍ ይወጣል፣ ከሥሩ ዋሽንት ይገባበታል፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል። ዕድሜውን ሙሉ ያሳቀን ሰው አንድም ጊዜ ሳንስቅለት ይቀበራል።

ይህ አሸኛኘት ያንገበግበኛል። በልጅነቴና በወጣትነቴ ያሳቁኝ ሰዎች ብዙዎቹ አልፈዋል፤ አንዳቸውንም በሥራቸው አልሸኘናቸውም። ዘግይቶም ቢሆን፣ እዚህ ደሴ ላይ እንዴት እንደሰማናቸውና ምን እንደሆኑልን መጻፍ እፈልጋለሁ።

ያደግሁት ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር ነው። ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር፤ እኛ የምንሰበሰበው ሐጂ ቤት ነው። ሐጂ አራዳ ላይ ጨርቅ የሚነግዱ፣ ጮክ ብለው የማይናገሩ ሰው ነበሩ። ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ባለቤታቸው የቴሌቪዥኑን ዳንቴል አጥፈው ሲያነሱ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይገባል። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ልጆች ሰሌኑ ላይ፣ አዋቂዎች መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። የሐጂ ልጆችም፣ የቄሱ ልጆችም፣ እኛም ጉልበት ለጉልበት ተነካክተን እናያለን። አንቴናው የታሰረው ግቢው ውስጥ በቆመ የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ነበር። ከጦሳ ተራራ በኩል ንፋስ ሲነሣ ሥዕሉ ይጠፋል፤ ያኔ አንዱ ልጅ ወጥቶ እንጨቱን ያዞራል።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ወደ ጦሳ!»

«አሁንስ?»

«አሳለፍከው! መልሰው፣ መልሰው! እዚያው ያዘው!»

ያ ልጅ አንዳንድ ቀን ፕሮግራሙ እስኪያልቅ እንጨቱን ይዞ ውጭ ይቀራል። ሳቃችን ይሰማዋል፤ ምን እንዳሳቀን ደግሞ ከውስጥ አንዱ በመስኮት እየጮኸ ይነግረዋል። የሰማነውን ቀልድ ላልሰማ ሰው መልሶ መንገር የለመድነው ከዚያ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ሰው አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በተረታቸው ነው፤ እኔ ግን ከአስቂኞቹ ጋር እቆጥራቸዋለሁ፣ ምክንያትም አለኝ። ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም ባሌ ተወለዱ። የልጆች አባት ከመባላቸው በፊት የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴቶች መድረክ ላይ መውጣት ነውር በሆነበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ድረስ ሄደው ወታደሩን አዝናንተዋል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የልጆችን ክፍለ ጊዜ ያዙ፣ 42 ዓመት ያህልም አልለቀቁትም። «ጤና ይስጥልኝ ልጆች፣ የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» ሲሉ እኛ ሰሌኑ ላይ ያለነው በአንድ ድምፅ እንመልሳለን። ሐጂም ጢማቸውን ይዘው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። አንድ ሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ፣ ድምፁን ብቻ እየለወጠ፣ ጅብም አህያም ንጉሥም መሆን እንደሚችል ያሳዩን እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በኋላ የመጡትን ኮሜዲያን ሁሉ ያየናቸው እሳቸው ባስለመዱን ዓይን ነው።

ከዚያ የጭውውቶቹ ዘመን መጣ። ልመንህና አለባቸው፣ ደረጀና ሀብቴ። በእሁዱ የመዝናኛ ፕሮግራምና በበዓል ዝግጅት ላይ ይወጣሉ፤ እንቁጣጣሽ ሲደርስ ከዶሮው ቀጥሎ የሚጠበቀው የእነሱ ጭውውት ነበር። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ አንዱ ነገሩን በቁም ነገር ይዞ ይሄዳል፣ ሌላው መንገድ ያስተዋል፣ የመጀመሪያው ሊመልሰው ሲታገል ጭራሽ ሁለቱም ይጠፋሉ። ቀላል እንዳልሆነ ያወቅነው ልንሠራው ስንሞክር ነው። ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት እኔና ጓደኛዬ ቃል በቃል ሸምድደን እንጫወተው ነበር። ቃሉ አንድም አይጎድልም፣ የሚስቅ ሰው ግን የለም። ጓደኛዬ ምክንያቱን ቀድሞኝ አገኘው። «እነሱ ዝም ይላሉ እኮ» አለኝ፤ «እኛ ዝም አንልም።» እውነቱን ነበር። በእኔ ፍርድ ሀብቴ ምትኩ በዚህ አቻ አልነበረውም። የሚያስቀውን ቃል ከመናገሩ በፊት ያለችውን ቅጽበት ያውቅባት ነበር፤ ፊቱን ሳይለውጥ ያቆያታል፣ እኛ ቃሉ ከመድረሱ በፊት መሳቅ እንጀምራለን።

ተስፋዬ ካሳ ደግሞ ብቻውን ይቆም ነበር። ጥንድ የሌለው ኮሜዲያን የሚደገፍበት የለውም፤ ቀልዱ ቢወድቅ የሚያነሣለት፣ ቢረሳ የሚያስታውሰው የለም። አንድ ማይክሮፎን ይዞ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት መቆም ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ ያኔ አልገባኝም ነበር። ዛሬ በየመድረኩ ብቻቸውን ቆመው የሚቀልዱ ወጣቶችን ሳይ ያንን መንገድ ቀድመው ከሄዱት አንዱ እሱ እንደሆነ አስባለሁ፤ ስሙን ግን የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ወሎ አንድ ነገር ካልተናገርኩ ነገሩ ሙሉ አይሆንም። እኔና እኩዮቼ የተወለድነው በ1977 ዓ.ም ረሃብ ዙሪያ ነው። ከእኛ ቀደም ብሎ የ1965 እና የ1966 ዓ.ም ረሃብ ነበር። ዓለም የወሎን ስም ያወቀው በእነዚያ ሥዕሎች ነው። ልጅ ሆኜ ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ እንግዳ «ከወሎ ነኝ» ስንለው ፊቱ ላይ የሚመጣውን ነገር አስታውሳለሁ፤ ርኅራኄ ነበር፣ ግን ከባድ ርኅራኄ። እኛ ራሳችንን እንደዚያ አናውቅም። ቤታችን ውስጥ ቡና ይፈላል፣ አቦል ቶና በረካ እየተባለ ጨዋታው ይደራል፣ አያቶቻችን አንዱ ሌላውን በነገር ይጫወተዋል፤ በዱአውም በማኅበሩም መሐል ሳቅ አይጠፋም። በሐጂ ቤት የነበረው ሳቅ ለእኔ ከመዝናኛ በላይ የሆነው ለዚህ ነው። ከእኛ ጋር በአንድ ሰዓት አዲስ አበባም፣ ጅማም፣ ሐረርም በዚያው ቀልድ ይስቅ ነበር። በሳቅ ጊዜ ማንም አያዝንልንም፤ እኩል ነን።

ቴሌቪዥኑ የእሁድና የበዓል ነበር፤ የዘወትሩ ካሴት ነው። የእናቴ ወንድም ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይሠራ ስለነበር ደመወዝ በወጣ ቁጥር ካሴት ይገዛል ወይም ያስቀዳል። ትምህርት ሲዘጋ ወደ እሱ እንሄዳለን። ከደሴ ጭጋግ ወጥቶ የሐረጎን ጠመዝማዛ መውረድ፣ በየኩርባው ሹራብ እያወለቁ ወደ ኮምቦልቻ ሙቀት መግባት የክረምታችን ትልቁ ደስታ ነበር። አጎቴ ማታ ከሥራ ሲገባ ቴፑን በረንዳ ላይ ያወጣዋል፤ ተረኛ ያልሆኑት የፋብሪካ ጓደኞቹ ይመጣሉ። ባትሪው ሲደክም ድምፁ ይጎተታል፤ ኮሜዲያኑ ሁሉ እንቅልፍ እንደያዛቸው ሽማግሌ ይናገራሉ፣ ያን ጊዜ በቀልዱም በድምፁም ይሳቃል። ጠዋት ባትሪው ፀሐይ ላይ ይሰጣል።

አውቶቡስም ነበረ። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ መንገድ ሙሉ ቀን ይፈጃል። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ፣ ጣርማ በር ዋሻ ላይ ጨለማ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት። ከምሳ በኋላ ሁሉም ሲያንቀላፋ ሹፌሩ ዘፈኑን አውጥቶ የቀልድ ካሴት ያስገባል። ይህን የሚያደርገው ለራሱ እንደነበር አንድ ሹፌር ነግሮኛል፤ «ዘፈን ያስተኛል፣ ቀልድ ያነቃል» ብሎ። ከከሚሴ እስከ ኮምቦልቻ አውቶቡስ ሙሉ የማይተዋወቅ ሰው አብሮ እየሳቀ ይሄዳል፣ ሲወርድ ወንድምና እኅት ተባብሎ ይለያያል።

አጎቴ ካስቀዳቸው ካሴቶች በአንዱ ላይ ያለ አንድ ጭውውት አያልቅም። የሚቀዳው ሰው አጭር ካሴት ላይ ገልብጦት ሳይሆን አይቀርም፤ ልክ ነገሩ ሊፈታ ሲል ሪባኑ ያልቅና ማጫወቻው «ቀጭ» ብሎ ይቆማል። መጨረሻውን የሰማ ሰው ከእኛ መሐል አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን መጨረሻ ሠራ። የአጎቴ መጨረሻ አለ፣ የፋብሪካው ጓደኛው መጨረሻ አለ፣ ደሴ ስንመለስ ደግሞ የሐጂ ታናሽ ልጅ ከሁሉም የሚበልጥ መጨረሻ ፈጠረች። በዚያ ክረምት በቧንቧ ውሃ «ያንቺን ንገሪን» እየተባለች ከቤት ቤት ትጠራ ነበር።

ስለ ለቅሶ ቤት መናገር አለብኝ፤ የጽሑፌ ልብ እሱ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2400 ሜትር በላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ድንኳን ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥ አይቻልም። እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ አግዳሚው ይደረደራል፤ ቀን በለቅሶ ይውላል፣ ማታ ወንዶቹ ጋቢ ደርበው ያመሻሉ። ካርታ የሚጫወቱ አሉ። በድንኳኑ ጫፍ በኩል ደግሞ አንድ ወጣት ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ «አለባቸው የሚላትን ሰምታችኋል?» ይላል። ሳቁ በጋቢ ታፍኖ፣ ወደ ቤቱ በር እየታየ ነው።

የአክስቴ ባል ያረፈ ጊዜ በሦስተኛው ሌሊት እንዲህ ሆነ። አንዱ የእነ ደረጀንና ሀብቴን አንድ ጭውውት ሁለቱንም ድምፅ እያወጣ ሲጫወት አንድ ሽማግሌ ሳያስቡት ጮክ ብለው ሳቁ። ድንኳኑ ጸጥ አለ። አክስቴ ነጠላዋን እንዳዘቀዘቀች ከቤት ወጣች። ወጣቱ ተነሥቶ «እታለም፣ ይቅር በይን» አላት። እሷ ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና «ምን አሳቃችሁ? ለእኔም ንገሩኝ እንጂ» አለች። «እሱ ቢኖር አብሯችሁ ይስቅ አልነበር?» ወጣቱ እየተንቀጠቀጠ ከመጀመሪያው ጀመረ። አክስቴ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ መልሳ ሳቀች። ያን ሌሊት ለሟቹ የተደረገለትን ያህል ክብር በሌላ ለቅሶ አላየሁም።

ለዚህ ነው ሬዲዮኖቻችን በኮሜዲያን ሞት ጊዜ ቀልድ ማሰማትን የሚፈሩበት ምክንያት የማይገባኝ። ባህላችን አይፈቅድም የሚል ሰው በእኛ ድንኳን አምሽቶ አያውቅም።

ሁሉንም እያመሰገንኩ ላልፍ ግን አልችልም። ከእነዚያ ቀልዶች መካከል ዛሬ ስሰማቸው የሚከብዱኝ አሉ። የገጠር ሰው ከተማ ገብቶ ግራ ሲጋባ፣ የሌላ ብሔረሰብ ሰው አማርኛ ሲሰባበርበት፣ አካል ጉዳተኛ ሲሰናከል መሳቅ በጊዜው ሁሉም ኮሜዲያን የሚጠቀምበት ነገር ነበር። በእኛም በወሎዎቹ አነጋገር ተቀልዷል፤ እኛ ስቀናል፣ የሳቅነው ግን ለአፋችን ካላቸው ፍቅር የመጣ ስለመሰለን ነው። ያልሳቁ እንደነበሩ አምናለሁ። ከሥራዎቻቸው የሚቆየው ያ አይደለም። የሚቆየው ባልና ሚስት በትንሽ ነገር ተነሥተው ትልቅ ነገር ላይ ሲደርሱ የነበረው፣ ተከራይና አከራይ፣ ባለጉዳይና ጸሐፊ፣ ሁላችንም ራሳችንን ያየንበት ነው። ከአለቃ ገብረ ሐና ጀምሮ ይህ ሕዝብ የሚወደው ቀልድ ትልቁን ሰው ከከፍታው የሚያወርደውን ነው።

አለባቸው ተካ በ1997 ዓ.ም በመኪና አደጋ አረፈ። በዚያን ጊዜ አለቤ ሾው በሚለው ፕሮግራሙ በአገራችን ቴሌቪዥን ያልተለመደ ነገር እየሠራ ነበር፤ እንግዳ አስቀምጦ፣ አድማጭ ሰብስቦ፣ እያሳቀ ስለ ሰው ችግር ያናግር ነበር። ዜናው ሲሰማ እዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው በየሱቁ በር ቆሞ እርስ በርሱ «እውነት ነው?» ይባባል ነበር። እንደ ዘመድ ሞት ነበር የተሰማን። በዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሹፌሩን እያነቃ፣ እኛን እያሳቀ ያሻገረን ድምፅ በመንገድ መቅረቱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ሰብለ ተፈራም በ2008 ዓ.ም በእንቁጣጣሽ ሰሞን በመኪና አደጋ ነው የሄደችው። በቤቶች ድራማ ላይ የቤት ሠራተኛዋን ትርፌን ስትጫወት ከቤቱ ሁሉ ብልኋ እሷ ነበረች፤ በየቤቱ ያሉ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው እንዲያዩ ያደረገች ገጸ ባሕርይ ያለ እሷ አላውቅም። ተስፋዬ ካሳ አለፈ፣ ሀብቴ አለፈ። አባባ ተስፋዬ በ2009 ዓ.ም ሐምሌ አረፉ። እኛ ከጎረመስን በኋላ የመጣው፣ በፊልሞቹ ታናናሾቻችንን ያሳቀው ታሪኩ ብርሃኑም በ2014 ዓ.ም ገና በወጣትነቱ ተቀጠፈ።

ዘፋኝ ሲሞት ሌላ ዘፋኝ ሥራውን ይዘፍንለታል፣ ስሙም አብሮ ይጠራል። ቀልድ ግን ባለቤቱን እየጣለ ይሄዳል። ባለፈው ሳምንት ከሰኞ ገበያ ወደ ሸዋ በር የወሰደኝ የባጃጅ ሹፌር በሐጂ ቤት ሰሌን ላይ የሰማሁትን ቀልድ የአጎቱ ልጅ ላይ የደረሰ ነገር አድርጎ ነገረኝ። ያኔ ባይወለድም ቀልዱን ያውቀዋል። አልተቆጣሁም፤ ቀልድ የሚኖረው እንደዚያ ነው። ማን እንደሠራው ስነግረው ግን ባጃጁን ዳር አቁሞ «የት ይገኛል?» አለኝ። እዚያ ላይ ነው መልስ ያጣሁት። ከፊሉ ኢንተርኔት ላይ ተቆራርጦ አለ፣ ያለ ቀን፣ ያለ ስም፣ በሌላ ሰው ማስታወቂያ ተሸፍኖ። ዋናው ቅጂ የት እንዳለ፣ በምን ሁኔታ እንዳለ የሚያሳይ፣ ሄዶ የሚሰማበት ቦታ የሚሰጥ የለም። ዘፈናችንን ለማቆየት የሚደክሙ ሰዎች አሉ፣ ምስጋና ይግባቸው። ለሳቃችንም እንደዚያ የሚደክም ሰው ያስፈልጋል፤ ካሴት ሲያረጅ ለማንም አይጠብቅም።

የአጎቴ ካሴቶች በካርቶን ሆነው አልጋ ሥር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ቤተሰቡ ቤቱን ዘግቶ ወጣ። ሲመለሱ ቴፑም ቴሌቪዥኑም አልነበሩም፤ ካርቶኑ ግን ተገልብጦ ካሴቶቹ ወለሉ ላይ ተበትነው ተገኙ። ሪባናቸው የተጎተተ፣ የተረገጡ አሉ። የተረፉትን አጎቴ በእርሳስ እየጠቀለለ መለሰ፣ የእኅቴ ልጅ ማጫወቻ ተውሶ ወደ ስልኩ ገለበጣቸው። በፋሲካ ኮምቦልቻ ተሰብስበን ሰማናቸው። የማያልቀው ጭውውት ተርፏል፤ ያው ቦታ ላይ ይቆማል። ልጆቹ «ከዚያስ?» ሲሉ አጎቴ የራሱን መጨረሻ ጀመረ፣ የሐጂ ልጅ ደግሞ፣ አሁን የአራት ልጆች እናት ናት፣ በስልክ ተደውሎላት የራሷን ነገረች። እስከ በረካ ድረስ የማን ይበልጣል ተብሎ ተከራከርን።

እኔ አሁንም የእሷ ይበልጣል እላለሁ። ግን የእነሱን፣ የሠሪዎቹን መጨረሻ መስማት እፈልጋለሁ። ከእነ ደረጀና ሀብቴ፣ ከእነ ልመንህና አለባቸው፣ ከተስፋዬ ካሳ ካሴቶች ሳይቀዳ በፊት የተገዛው ዋናው ያለው፣ በሪባን ላይ ሻጋታ ቢኖርበትም፣ ማጫወቻው ባይሠራለትም፣ አይጣለው። ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ሐይቅም ይሁን ባቲ ማጫወቻ ይዤ እመጣለሁ፣ እዚያው ቤቱ ተቀምጬ ገልብጬ ካሴቱን ለባለቤቱ እመልሳለሁ።